ጓዳውን ማን ፎቶግራፍ አነሳው?

በታሪክ መጻሕፍታችን ውስጥ የሚታተሙትን የድሮ ፎቶግራፎች ልብ ብሎ ያገላበጠ ተማሪ አንድ ነገር መታዘቡ አይቀርም። ጎፈር የደፉ መኳንንት አሉ። ጋሻና ጦር ያነገቱ ወታደሮች አሉ። ድንኳኑ፣ በቅሎው፣ መድፉ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ገበያው ሁሉም አለ። ግብር ላይ የተቀመጠ ሕዝብም አይጠፋም። እንጀራው የተጋገረበት ቤት ግን ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው። ወፍጮ ላይ ጎንበስ ያለች ሴት አልፎ አልፎ ብትታይ እንኳ ከሥዕሉ ግርጌ «እህል የምትፈጭ ሴት» ከሚል በቀር ስም የላትም። በቀጣዩ ገጽ ላይ የቆመው ባላባት ግን ስሙም፣ ማዕረጉም፣ የአባቱም ስም ተጽፎለታል።

መቼም የምግብ ነገር ሲነሳ «ይኸ ደግሞ ታሪክ ነው እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ታሪክ ማለት የጦርነትና የውል፣ የዙፋንና የድንበር ጉዳይ ነው ብለን ስንማር ስላደግን ወጥና እንጀራ ከሆድ አልፎ ወደ ታሪክ ክፍል የሚገባ አይመስለንም። እኛ ግን ታሪክ ነው እንላለን። እንዲያውም ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ስለ አገራችን ምግብ እስከ ዛሬ የተጻፈውና በካሜራ የተነሳው አብዛኛው ነገር ከመሶቡ ወዲህ ያለው ነው። ከመሶቡ ወዲያ ያለው፣ ማለትም ጓዳው፣ ከእናት ወደ ልጅ በእጅና በዓይን ሲተላለፍ የመጣ ያልተጻፈ ዕውቀት ነው። ያልተጻፈ ዕውቀት ደግሞ ወይ ይረሳል፣ ወይ ደግሞ ሌላው በራሱ ስም ይጽፈዋል። በዚህች አጭር ጽሑፍ ይህንን በምሳሌ ለማሳየት እንሞክራለን። እ.ኤ.አ. ያልንበት ዘመን የፈረንጆች ሲሆን ሌላው በእኛው አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልን።

እንግዳው ያየው ገበታ

ወደ አገራችን ከመጡ የውጭ ተጓዦች መካከል ሰፋ ያለ ጽሑፍ ትቶልን ያለፈው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1520 ከመልእክተኞች ጋር ገብቶ ስድስት ዓመት ያህል ቆየ፤ መጽሐፉም በ1540 ሊዝበን ላይ ታተመ። አልቫሬዝ ስለሚበላውና ስለሚጠጣው ብዙ ነገር ያወሳል። በአንጎት ገዢ ቤት ጥሬ ሥጋ፣ ከላም ሐሞት ከተሠራ ማጣፈጫ ጋር እንደቀረበ ይተርካል። እንግዳ ሆኖ አዳራሽ የተቀመጠ ሰው የሚያየው ይህንን ነው። የቀረበለትን ያያል እንጂ ማን እንደሠራው፣ በምን እንደሠራው አያይም። ወንድ እንግዳ፣ ያውም ቄስ፣ ጓዳ ገብቶ «ይህ እንዴት ይሠራል?» ብሎ ሊጠይቅ አይችልም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እናንሳ። በዚያ ገበታ ላይ ቀይ ወጥ ነበር ወይ? በርበሬ የአሜሪካ ምድር ተክል ነው። ከኮሎምቦስ የ1492 ጉዞ በፊት ከዚያ ምድር ውጭ ማንም አያውቀውም ነበር። አልቫሬዝ አገራችን ሲገባ ኮሎምቦስ ያንን ምድር ከረገጠ ገና 28 ዓመቱ ነው። ስለዚህ በዚያ ገበታ ላይ ዛሬ የምናውቀው ቀይ ወጥ ነበረ ብሎ ማሰብ ያስቸግራል። «ከጥንት ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ» የምንለው ዶሮ ወጥ ቢያንስ በቀለሙና በማቃጠሉ ከዚያ በኋላ የተፈጠረ ነው ማለት ነው። ከዚያ በፊት ወጥ የሚያቃጥለው በዝንጅብል፣ በቁንዶ በርበሬና በመሳሰሉት ቅመሞች ነበር።

ይኸ ምን ያሳየናል? ባህላችን የተዋሰ ነው ብሎ ለማንኳሰስ አይደለም፤ እንዲያውም ተቃራኒውን ነው። ከባሕር ማዶ አንድ የማይታወቅ ፍሬ መጣ። አንዲት ሴት፣ ወይም ብዙ ሴቶች በየመንደሩ፣ ፍሬውን ቀነጠሱት፤ ወቀጡት፤ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላ ጋር ደለዙት፤ ፀሐይ ላይ አስጥተው ከኮረሪማና ከጥቁር አዝሙድ ጋር አስማሙት። ይህን ያህል የሰውን ምላስ የለወጠ፣ ከደጋ እስከ ቆላ የአንድን አገር ገበታ ቀለም የቀየረ ሥራ ሌላ መስክ ላይ ቢሆን ኖሮ ዜና መዋዕል ይጻፍለት ነበር። ጓዳ ውስጥ በመሆኑ ግን ዘመኑም፣ ቦታውም፣ የሠሪዎቹም ስም የለም። በቆሎም እንዲሁ የመጣው ከአሜሪካ ምድር ነው። በአንዳንድ አካባቢ እስከ ዛሬ «የባሕር ማሽላ» መባሉ ራሱ ከየት እንደመጣ ይናገራል። ገበሬው በስሙ ውስጥ ታሪኩን አኖረው፤ የታሪክ ጸሐፊው ግን አላነበበውም።

ሁለተኛው ምስክር ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1769 በምጽዋ ገብቶ በ1770 ጎንደር ደረሰ። መጽሐፉ በ1790 ሲታተም አገሩ ውስጥ ከሁሉ በላይ ያነጋገረው ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? ከቁም ከብት ሥጋ ተቆርጦ ሲበላ አየሁ ማለቱ ነው። ገና ከመታተሙ በፊት ጀምሮ የለንደን ሊቃውንት ውሸታም ነው ብለው ሳቁበት። እነሱ ስለ ጥሬ ሥጋ ሲከራከሩ ግን በዚያው መጽሐፍ ውስጥ የጤፍና የእንሰት ሥዕል ነበር። አንድን አገር ቀጥ አድርገው የያዙ ሁለት ተክሎች ተስለው ቀርበው፣ የአንባቢው ዓይን ግን የሄደው ወደሚያስደነግጠው ነገር ነው። ይህ በሽታ በኋላ በካሜራው ዘመንም አልለቀቀንም።

ከዚህም ሌላ፣ የብሩስን ሥዕሎች በአብዛኛው የሠራው አብሮት የመጣው ጣሊያናዊ ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ ነበር። ጎንደር ላይ ሞቶ ቀረ። ብሩስ ግን በመጽሐፉ ውስጥ ለሥራው የሚገባውን ስም አልሰጠውም። እንግዲህ የሥዕሉ ሠሪና የወጡ ሠሪ አንድ ዕጣ ደረሳቸው፤ ሥራቸው ተበላ፣ ስማቸው ጠፋ።

ስንቅ የያዘ ጦር

እንግዳውን እንተወውና ወደ ራሳችን ታሪክ እንምጣ። ስለ አድዋ የማያውቅ ተማሪ የለም፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲባል ሁላችንም ቀና እንላለን። ወደ 100,000 የሚገመት ሠራዊት ከየአቅጣጫው ተነስቶ ሰሜን ድረስ ዘለቀ። ከሸዋ የተነሳው በጥቅምት ወጥቶ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ነው የሄደው። ያውም አገሪቱ ከክፉ ቀን ከወጣች ገና ጥቂት ዓመት ነው። ከ1880 ጀምሮ የከብት በሽታ በሬውን ጨርሶ፣ ድርቅና አንበጣ ተደርቦ፣ አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው የቆፈሩበት ዘመን ማለት ነው። ታዲያ ይህን ሁሉ ሰው ማን ቀለበው?

ያን ጊዜ የዛሬው ዓይነት የሠራዊት ቀለብ ክፍል የለም። መንግሥት በየመንገዱ እህል ቢያዘጋጅም፣ ገበሬውም ውዴታ ይሁን ግዴታ ቢያቀርብም፣ ወታደሩ የሚዘምተው የራሱን ስንቅ ይዞ ነው። ስንቁን የሚሸከመው አህያና በቅሎ፣ የሚያዘጋጀው ደግሞ የቤቱ ሴት ናት። ብዙዎቹ ሚስቶችና አገልጋዮች እስከ ጦር ሜዳ አብረው ዘምተዋል። ቀን ይጓዛሉ፤ ማታ ይፈጫሉ፤ ሊጥ ያቦካሉ፤ ውሃ ይቀዳሉ፤ ቁስለኛ ያነሳሉ።

ስንቅ ማለት ደግሞ ተራ ነገር አይደለም። እስቲ በሶን አስቡት። ገብሱ ተቆልቷል፤ ተፈትጓል፤ ተፈጭቷል። ስለዚህ በስሎ ያለቀ ምግብ ነው፤ እሳት አይፈልግም፤ ውሃ ብቻ ይበቃዋል። በጠላት አቅራቢያ ያደረ ወታደር ጭስ ሳያሳይ በልቶ ያድራል። ድርቆሽ ውሃው ስለወጣለት አይሻግትም። ቋንጣ በጨውና በበርበሬ ታሽቶ፣ ዘልዘል ብሎ በነፋስ ደርቆ ለወራት ይቆያል። ጭኮ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት ነው፤ አንድ እፍኙ ሰው ያቆማል። ክብደት ቀንሶ፣ ጉልበት አጥፍቶ የማይበላሽ ምግብ መሥራት፣ ይኸ እኮ ሳይንስ ነው! ዛሬ ባለ ፋብሪካው በማሸጊያ የሚሸጥልንን ነገር እናቶቻችን በስልቻና በአቁማዳ ይዘው ዘምተውበታል።

የጦርነቱ ውጤትም ከስንቅ ጋር የተያያዘ ነው። ጥር ላይ መቀሌ የመሸገው ጠላት ምሽጉን የለቀቀው፣ በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውሃ ምንጩ ስለተያዘበት ነው። ከዚያም ሁለቱ ጦሮች ተፋጠው ሲቆዩ ጄኔራል ባራቲየሪ የሚጠብቀው አንድ ነገር ነበር፤ ይኸውም የምኒልክ ጦር ስንቁ አልቆ እስኪመለስ። እውነትም ስንቁ እየተሟጠጠ ነበር። የጣሊያኖቹም እንዲሁ። ሮም ያለው መንግሥት ደግሞ «ተዋጋ» እያለ ቴሌግራም ያዥጎደጉድበታል። በመጨረሻ ቀድሞ መንቀሳቀስ የተገደደው ባራቲየሪ ሆነ። እንግዲህ የዚያን ሠራዊት ስንቅ ጥቂት ቀን ያዘገመችው እጅ የአድዋን ቀን ወስናለች ብንል ማጋነን ይሆናል? አይመስለንም። በተለመደው የአድዋ ሥዕል ላይ ግን ንጉሡ፣ እቴጌይቱ፣ ጳጳሱ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስም በነጭ ፈረሱ አሉ። ወፍጮዋን ይዛ የዘመተችው እምብዛም አትታይም።

ይህ የስንቅ ነገር ለእኛ ለተማሪዎች ሩቅ አይደለም። ትምህርት ሲከፈት በየአውቶቡሱ ጣራ ላይ የሚጫነው በገመድ የታሰረ ካርቶን ምን እንደያዘ እናውቃለን። ዶርም ገብተን ስንፈታው ከአንዱ በሶ፣ ከአንዱ ዳቦ ቆሎ፣ ከአርሲ ከመጣው ጭኮ፣ ከጉራጌ አገር ከመጣው ቆጮ ይወጣል። የካፌው ሽሮ ቀጥኖ ሲመጣ የምንታደገው በዚያ ነው። ስለ አገራችን ስፋት ከጂኦግራፊ መጽሐፍ ይልቅ ከአልጋ ሥር ካለው ካርቶን የተማርን ስንቶቻችን ነን! የጎጃሙ ልጅ ቆጮ ሲቀምስ፣ የወላይታው ልጅ ድርቆሽ ሲያጣጥም፣ አንዱ የሌላውን አገር ሳይሄድ ሄደ ማለት ነው። ካርቶኑን ያሰረችው እጅ ግን እዚያው ቀርታለች።

ካሜራው ከመጋረጃው ወዲህ

ፎቶግራፍ ለዓለም የተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1839 ነው። ወደ እኛ አገር ለመምጣትም ብዙ አልዘገየም። እ.ኤ.አ. በ1867ና 1868 በመቅደላ ዘመቻ የመጣው የእንግሊዝ ጦር የራሱን ፎቶግራፍ አንሺዎች ይዞ መጥቷል። በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ላይ አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን አዲስ አበባ ገብቶ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹም ከእሱ በኋላ ሥራውን ቀጠሉ። ዛሬ የምናያቸው ብዙዎቹ የነገሥታትና የመኳንንት ምስሎች የዚህ ቤተሰብ ሥራ ናቸው።

ጊዜው ደግሞ ታላላቅ ድግስ የሚታይበት ነበር። እቴጌ ጣይቱ እ.ኤ.አ. በ1887 ለእንጦጦ ማርያም ምረቃ ያዘጋጁት ድግስ በዜና መዋዕል ተጽፏል። ምኒልክም በቤተ መንግሥቱ አዳራሽ ብዙ ሺህ ሰው በየተራ እያስገቡ ግብር ያበሉ ነበር። እንጀራ ቤቱ፣ ወጥ ቤቱ፣ ጠጅ ቤቱ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ነው። አሳላፊው፣ ጠጅ ጣዩ፣ ጋጋሪዋ፣ ፈጪዋ ሲቆጠር የትንሽ ከተማ ሕዝብ ይወጣዋል። ግብር የአገዛዝ መሣሪያ መሆኑን የታሪክ ተማሪ ያውቃል። ማን ከማን በላይ ይቀመጣል፣ ማን ከየትኛው ብልት ይቆረጥለታል የሚለው ሁሉ ፖለቲካ ነው። ጣይቱ ይህን በሚገባ የተረዱ ሰው ነበሩ። በእሳቸው እጅ ጓዳው ከመንግሥት ምክር ቤት ያላነሰ ሥራ ሠርቷል።

ታዲያ ካሜራው ለምን አዳራሽ ደርሶ ተመለሰ? እኛ ሦስት ምክንያት ይታየናል።

አንደኛው የብርሃን ነገር ነው። የዚያ ዘመን የመስታወት ፊልም ብዙ ብርሃን ይፈልጋል። ጓዳ ደግሞ ጨለማ ነው፤ መስኮት የለውም፤ ጭስ ሞልቶታል። ፎቶግራፍ አንሺው ሰዉን ወደ ደጅ አውጥቶ በፀሐይ ማቆም ይቀለዋል። ስለዚህ ምጣድ ላይ ያለችው ሴት ሥራዋን ትታ ካልወጣች አትነሳም። ሥራዋን ትታ ከወጣች ደግሞ የተነሳችው እሷ ናት እንጂ ሥራዋ አይደለም።

ሁለተኛው ባህላችን ነው። ሲበላ የሚታይ ሰው ለሰው ዓይን የተጋለጠ ነው ብለን እናምን ነበር። ንጉሡ ሲበሉ መጋረጃ ይጋረዳል፤ ትልቅ ሰው ጎርሶ ሲጠጣ በነጠላ ይከለላል። ቡዳ የሚባለው ነገር ቀላል ፍርሃት አልነበረም። ለባዕድ ዓይን የተከለከለውን ገበታ ለካሜራ ዓይን ማን ይገልጥለታል? ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በፈረንጅ ላይ መከመር አይቻልም። መጋረጃው የእኛ ነበር።

ሦስተኛው ንቀት ነው። ሥራው የሴት፣ ያውም የገረድና የባሪያ ሥራ ተብሎ የተናቀ ነበር። በትልልቅ ቤቶች ጓዳ ውስጥ ብዙውን ከባድ ሥራ የሚሠሩት ባሮች እንደነበሩ መካድ አይገባም። የሚያምረውን መሶብ አሳይቶ የሠራውን እጅ መደበቅ ለባለቤቱም ይመቸው ነበር።

ይህ ልማድ በአደባባይ እንኳ ሲታይ ኖሯል። በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር አወጣት፤ ያለ እሱ ዋና ከተማዋ ሌላ ቦታ ሄዳ ይሆን ነበር። ከእንጦጦ ጎብጠው ያንን ቅጠልና ጭራሮ እየተሸከሙ የወረዱ ሴቶች ስንት ቱሪስት ፎቶ አንስቷቸዋል! መንገድ ላይ ያለችው ተሸካሚ ተነሳች። በቅጠሉ የተጋገረው እንጀራ፣ በጭሱ ያለቀሰው ዓይን ግን አልተነሳም። ሸክሙ ለካሜራ ያምራል፤ ሥራው ግን አይታይም።

ባዶ ገበታ በፎቶግራፍ

ካሜራው በአገራችን ታሪክ ውስጥ ትልቁን ሥራ የሠራው ምግብን ሳይሆን የምግብን እጦት ባነሳ ጊዜ ነው። የዚህ ታሪክ መነሻ ደግሞ ከተማሪው ዓለም የራቀ አይደለም። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ መንግሥት ነገሩን ሸሸገ። በዚያን ጊዜ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ፎቶግራፍ አንስተው መጡ፤ ፎቶግራፎቹም ግቢው ውስጥ ለእይታ ቀረቡ። ያየ ተማሪ ዝም ሊል አልቻለም። በ1966 ጥቅምት ላይ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ። ከአንድ ዓመት ያህል በኋላ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ፣ ይኸው ፊልም በቤተ መንግሥት ድግስ ትዕይንቶች እየተቆራረጠ ለአዲስ አበባ ሕዝብ ቀረበ። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

በዚያች ማታ የሆነውን በጥሞና እንየው። ሞልቶ የተረፈው ገበታና ባዶው ገበታ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አንድም አዲስ ነገር አልተነገረም። ድግሱም የታወቀ ነበር፤ ረሃቡም እየታወቀ ነበር። ያልታወቀው የሁለቱ ዝምድና ነው። ፎቶግራፍ ኃይሉ እዚህ ላይ ነው፤ ተለያይተው እንዲኖሩ የተደረጉ ሁለት ነገሮችን አንድ ገጽ ላይ ያገናኛል። ያንን ኃይል ማንም፣ አዲሱም ገዢ ጭምር፣ ለራሱ ዓላማ ሊጠቀምበት እንደሚችልም በዚያው ታይቷል።

ከ10 ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 1977 ላይ፣ ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚንና የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኮረም ያስተላለፉት ፊልም ዓለምን አነቃነቀ። ብዙ ሕይወት ተርፎበታል፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ነገር ግን ያ ምስል ከዚያ በኋላ አለቀቀንም። በባዕድ አገር «ኢትዮጵያዊ ነኝ» ያለ ሰው «እዚያ ምግብ አለ እንዴ?» የሚል ጥያቄ ሲገጥመው ኖሯል። በምስሉ ላይ የተዘረጋ እጅ ይታያል። ያ እጅ ትናንት ምን ይሠራ እንደነበር አይታይም። ያቺ የኮረም እናት ገብስን በስንት ዓይነት እንደምታዘጋጅ፣ በክፉ ቀን ሳማን እንዴት ቀቅላ ልጆቿን እንዳቆየች፣ ጎተራዋ ሲሞላ ምን ትደግስ እንደነበር ማንም አልጠየቃትም። ረሃብተኛ ሆና ተነሳች፤ ባለሙያ ሆና ግን አልተነሳችም።

የሚገርመው፣ በዚያው ዘመን ከአገር የወጡ ወገኖቻችን ሌላ ሥዕል እያሳዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ዋሽንግተን ላይ ማማ ደስታ የሚባል ምግብ ቤት ተከፈተ፤ በተከታዮቹ ዓመታት ሌሎች ብዙዎች ተከተሉ። ጤፍ በማይገኝበት አገር በስንዴና በሌላ ዱቄት እንጀራ የሚመስል ነገር መጋገር ተጀመረ። ስደተኛዋ ዕቃዋን ሁሉ ጥላ ስትወጣ አንድ ነገር ብቻ አልቀረባትም፤ እሱም የእጇ ሙያ ነው። ፈተሻ የሌለበት ስንቅ እሱ ነው።

ያልጻፍነውን ሌላው ሲጽፈው

እስካሁን ያልነው ስለ መረሳት ነው። መወሰድስ? የጤፍ ነገር ይህን ያስተምረናል። የኔዘርላንድ አንድ ኩባንያ የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የባለቤትነት መብት አስመዝግቦ ነበር፤ በአውሮፓም እ.ኤ.አ. በ2007 ተሰጥቶታል። ጤፍ ከሺህ ዓመታት በፊት የለመደው በእኛው ተራሮች ላይ ነው። አዘገጃጀቱንም የእኛ ሴቶች ያውቁታል። ሄግ ያለ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 መገባደጃ ላይ ጉዳዩን አይቶ «ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም» ሲል መብቱን በኔዘርላንድ ውድቅ አደረገው። ደግ ተፈረደ። ግን ያን ያህል ዓመት ማን ፈጠረው ተብሎ በወረቀት ሲታወቅ የኖረው ማን ነበር?

ወረቀት ያለው ሰው ይቀድማል፤ ነገሩ ይኸው ነው። እናቶቻችን ሊጡ ሲቦካ ላዩ ላይ የሚያርፈውን ውሃ ይደፉታል፤ ከሊጡ ጨለፍ አድርገው በፈላ ውሃ ያበስሉትና መልሰው ይቀላቅሉታል። አብሲት ማለት ይህ ነው። የበሰለው ክፍል መቡካቱን ያነቃዋል፤ እንጀራውም ዓይን ያወጣል። ይህን ማን እንዳገኘው፣ ስንት ጊዜ ከሽፎ እንደተሳካ የሚገልጽ አንድም የድሮ ገጽ የለንም። «ስንት ይግባ?» ስንላቸው «በመጠኑ» ይሉናል። «መቼ ይወጣል?» ስንል «ሽታው ይነግርሻል» ይላሉ። ይህ መልስ ዕውቀት ስለሌለ አይደለም። ዕውቀቱ እጅ ውስጥና አፍንጫ ውስጥ ስላለ ነው። እጅና አፍንጫ ደግሞ ከባለቤቱ ጋር ያልፋል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከገባ፣ ወፍጮ ቤት ከተስፋፋ፣ የተፈጨ በርበሬ በላስቲክ ታሽጎ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ሴት ከጭስና ከወፍጮ ድንጋይ ተገላግላለች። እሰየው! ወደ ወፍጮው እንመለስ የምንል ሞኞች አይደለንም። የሴትን ጀርባ ያጎበጠውን ሥራ «ባህል» ብለን አናቆለጳጵሰውም። የምንለው፣ ድካሙ ሲቀር ዕውቀቱ አብሮ አይቅር ነው። ቀርቶም ከሆነ የማን እንደነበር ይታወቅ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ነገሩ ትልቅ ገንዘብ ወይም ኮሚቴ አይጠይቅም። ዛሬ ሁላችንም ኪስ ውስጥ ካሜራ አለ፤ በጨለማም ያነሳል፤ ጭስም አይመልሰውም። የመጀመሪያው ምክንያት ቀርቷል ማለት ነው። ሁለተኛውን በፈቃድ እናልፈዋለን፤ አስፈቅደን እንጂ ሰርቀን አናነሳም። ሦስተኛው ግን ከእኛው ጭንቅላት ውስጥ ነው የሚወጣው።

በሚመጣው ዕረፍት እያንዳንዳችን ወደየአገራችን ስንሄድ አንድ ምግብ ብቻ እንምረጥ። ሽሮም ይሁን፣ ቆጮም ይሁን፣ ጭኮም ይሁን። እናታችንን፣ አያታችንን፣ አክስታችንን፣ ወይም ጎረቤት ያሉትን እማማ አጠገባቸው ቁጭ ብለን ከመነሻው እስከ መጨረሻው እንይ። «በመጠኑ» ያሉትን ከእጃቸው ላይ በስኒና በጣሳ እንለካ። ከማን እንደተማሩት፣ በየትኛው ወንዝ ውሃ፣ በምን እንጨት፣ በጾም ወይስ በፍስክ፣ በጥጋብ ወይስ በክፉ ቀን እንደሚሠራ እንጻፍ። ወንዶቹ ደግሞ «እኛን አይመለከትም» እንዳትሉ፤ የምንበላው እኩል ነው። ከዚያ ሥራው ላይ እንዳሉ፣ እጃቸው ሊጥ እንደያዘ፣ ፎቶግራፍ እናንሳቸው። ፈቃዳቸው ከሆነም ከፎቶግራፉ ግርጌ «እንጀራ የምትጋግር ሴት» ብለን አንተው፤ ስማቸውን ከነአባታቸው እንጻፍ።